ጉንጭ ሲጎድል፦ ፊለር ለመወጋት ለምታስቡ ሁሉ ዝርዝር መመሪያ

ከሦስት ዓመት በፊት በስምንት ወር ውስጥ 17 ኪሎ ቀነስኩ። ስኳሬ ከፍ ብሎ ስለነበር ሐኪሜ በመድኃኒት ጭምር ያገዘችኝ ነው። ጉልበቴ ቀለለኝ። ስኳሩ ወረደ። ፊቴም አብሮ ወረደ። ሜሪላንድ ውስጥ በምሄድበት ቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ እጄን ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ምነው? አሞሻል እንዴ?» አሉኝ። ደህና ነኝ ብላቸው አላመኑም። ማታውኑ እህቴ ጋ ደውለው ጠየቁ።

የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። «ወፈርሽ» ሲል እያመሰገነ ነው። «ከሳሽ» ሲል ተጨንቋል። ሙሉ ፊት ለእኛ የጤና፣ የሰላም፣ የደላው ሰው ፊት ነው። ጉንጭ ሲገባ ሰው አንድ ነገር ይጠረጥራል። እኔም መስታወት ፊት ስቆም የማየው የታመመ ሰው ሆነብኝ። ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ፊለር፣ ማለት የጎደለ ፊትን የሚሞላ መርፌ፣ ተወጋሁ፣ በሁለት ዙር። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም፣ እዚሁ ከጎረቤትም እየደወሉ የሚጠይቁኝ በዙ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ብዬ ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት።

ሐኪም አይደለሁም። ያለፍኩበትንና ከሐኪሞቼ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የማካፍለው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ግን ይህን ያዙልኝ፦ ከዋጋው በፊት ማሟሟያውን ጠይቁ። ምን ማለቴ እንደሆነ ከታች ትደርሱበታላችሁ።

መጀመሪያ፦ ጉንጩ ለምን እንደጎደለ እወቁ

ፊታችን ውስጥ ያለው ስብ እንደ ብርድ ልብስ አንድ ላይ የተነጠፈ አይደለም። በየቦታው ተከፋፍሎ እንደ ትንንሽ ትራስ የተቀመጠ ነው። ከዐይን ሥር አንዱ፣ ጉንጭ አጥንት ላይ ሌላው፣ ጆሮ ግንድ አካባቢ ደግሞ ሌላው። ዕድሜ ሲገፋ እነዚህ ትራሶች በተለያየ ጊዜ ይሟሽሻሉ፣ ይንሸራተታሉ። ከሥራቸው ያለው አጥንትም ቀስ በቀስ ይሸሻል። ቆዳውን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅንም ይቀንሳል። ስለዚህ የሚታየን «መሸብሸብ» ብዙ ጊዜ ቆዳው ስለተበላሸ ብቻ የመጣ አይደለም። ከሥሩ የተሸከመው ነገር ስለሄደ ነው። ድንኳን ምሰሶው ሲያጥር ሸራው እንደሚረግበው ማለት ነው።

ምክንያቱ ዕድሜ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሳታስቡት ከከሳችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት የውበት ክሊኒክ ሳይሆን የራሳችሁ ሐኪም ጋ ነው። ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ቲቢ፣ ሌላም ነገር ፊት ላይ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። የኋላ ጥርሶቻችሁን አስነቅላችሁ ካልተካችሁም ጉንጫችሁ ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ከሆነ የጥርስ ሐኪሙ ከፊለሩ ይቀድማል። እንደኔ በመድኃኒት ወይም በአመጋገብ ክብደት እየቀነሳችሁ ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ረግቶ ጥቂት ወራት ይቆይ። ዛሬ የሞላችሁት ነገ ከሌላው ፊታችሁ ጋር ላይገጥም ይችላል።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በአማርኛ ብዙ አይወራበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በፈረንጆቹ 2005 ነው። በዚያን ጊዜ በስፋት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ስታቩዲን ነበር። ብዙ ሕይወት አትርፏል። ግን የስብ ሴሎችን ኃይል ማመንጫ እየጎዳ የፊትን ስብ ያጠፋ ነበር። ሰውነት ሲያገግምና ክብደት ሲመለስ ጉንጭ ብቻ ጎድጉዶ ይቀራል። ሰውዬው ማንም እንዳያውቅበት የሚፈልገውን ነገር ፊቱ ይናገርበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስታቩዲን ቀስ በቀስ እንዲወጣ መከረ። የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ይህን አያደርጉም። የድሮው ጉድለት ግን መድኃኒቱ ሲቀየር በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ለእነዚህ ሰዎች መርፌው ቅንጦት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስከልፕትራ የተባለው መርፌ በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ለዚሁ ችግር ነው። ራዲየስ የተባለውም በ2006 ተፈቀደ። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ፣ በዚህ የፊት ጉድለት ምክንያት ድብርት ላለባቸው ሰዎች ወጪውን ይሸፍናል። ይህን የማያውቁ የእኛ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። የሚመለከተው ሰው ካወቃችሁ በዘዴ ንገሩት።

ሁለተኛ፦ ምን እንደሚወጋችሁ ለዩ

ቦቶክስና ፊለር አንድ አይደሉም። ቦቶክስ ጡንቻን ያላላል። ፊለር ባዶ ቦታን ይሞላል። ጉንጩ የገባበት ሰው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

በብዛት የሚወጋው ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ጄል ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ በቆዳችንና በመገጣጠሚያችን ውስጥ በተፈጥሮ ያለ፣ ውሃ የሚይዝ ነገር ነው። ፊለሩን የወጋችኝ ሐኪም ጓንቷ ላይ ጠብ አድርጋ አሳየችኝ። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚሠራውን ዝልግልግ ነገር ታውቁታላችሁ? ልክ እሱን ይመስላል። ጥርት ያለ፣ የሚሳብ፣ ግን ቅርፁን የሚይዝ። ጁቬደርም ቮሉማና ረስታይሌን ሊፍት የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ቮሉማ አሜሪካ ውስጥ በ2013 ለጉንጭ ተፈቀደ። እንደ ዓይነቱና እንደ ሰውነታችሁ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል።

የዚህ ጄል ትልቁ ጥቅም ሊሟሟ መቻሉ ነው። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል መድኃኒት ሲወጋበት ይፈርሳል። ማሟሟያው ያልኳችሁ ይህን ነው። አልወደድኩትም ካላችሁ ይፈርሳል። የደም ሥር ከዘጋ ደግሞ ፊታችሁን የሚያተርፈው እሱ ነው።

ስከልፕትራና ራዲየስ ሌላ መንገድ ይሄዳሉ። ሰውነታችሁ የራሱን ኮላጅን እንዲሠራ ይቀሰቅሳሉ። ስከልፕትራ ወዲያው አይታይም። ብዙ ጊዜ ሦስት ዙር ይወጋል፣ በዙሮቹ መካከል ሳምንታት ይኖራሉ፣ ውጤቱ በወራት ውስጥ እየመጣ ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል። ሰፊ ጉድለት ላለበት ሰው ጥሩ ነው። ግን ሁለቱንም ማሟሟያው አይፈታቸውም። የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ በሚሟሟው ጀምሩ ብዬ እመክራለሁ።

ሲሊኮን የሚባል ነገር ከተነሳ ተነስታችሁ ውጡ። ፈሳሽ ሲሊኮን ፊትን ለመሙላት በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አልተፈቀደም። አንዴ ከገባ ማውጣቱ በጣም ከባድ ነው፣ ከዓመታት በኋላም ሊጓጉል ይችላል።

ብዙ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ከምን ይሠራል? ከአሳማ ነው እንዴ? ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው የሃያሉሮኒክ አሲድ ጄሎች የሚመረቱት በባክቴሪያ ማብላላት ነው። ከእንስሳ አይደሉም። ማሟሟያው ግን አንዳንዱ ዓይነት ከበሬ ወይም ከበግ የሚወሰድ ነው፣ በላቦራቶሪ የሚሠራ የሰው ዓይነትም አለ። ለእምነታችሁ የሚያሳስብ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም።

ሦስተኛ፦ መቆየት ያለበት ማን ነው?

እርጉዝና የምታጠባ ሴት ትቆይ። ፊቱ ላይ ቁስል፣ የሚያፈርጥ ብጉር ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው እስኪድን ይጠብቅ። ከንፈር ላይ ምች የሚወጣባችሁ ከሆነ ንገሩ፣ መከላከያ ኪኒን ሊታዘዝ ይችላል። ሉፐስን የመሰለ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ካለ፣ ለማደንዘዣ አለርጂ ካለ፣ ንብ ነድፎት ክፉኛ የሚያብጥ ሰው ከሆነም ይነገር። የመጨረሻው እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ማሟሟያው የንብ መርዝ ውስጥ ካለ ነገር ጋር ስለሚመሳሰል ነው።

ቆዳችን ላይ ጠባሳ የሚያብጥብን፣ ኬሎይድ የሚሠራብን ሰዎች ብዙ ነን። ጆሮዬን ስበሳ ያበጠብኝ እኔ ራሴ ነኝ። ይህ በራሱ አይከለክልም። መርፌው የሚተወው ቀዳዳ ትንሽ ነው። ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። የተወጋበት ቦታ ላይ የሚቀር ጥቁር ነጥብም በእኛ ቆዳ ላይ ይበዛል። ስለዚህ የቀዳዳው ቁጥር ሲያንስ ይሻላል።

አራተኛ፦ እጁን ምረጡ

ስለ መርፌው ስም ብዙ እንጨነቃለን። ፊታችሁን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ግን የሚወጋው እጅ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ስሙን አልጠቅስም። አንድ ፎቅ ላይ ያለ፣ አበባና መብራት የሞላበት ክፍል ነበር። የተቀበለችኝ ሴት ፊቴን ሳትነካ «አራት ስሪንጅ ያስፈልግሻል፣ ዛሬ ከሆነ ቅናሽ አለ» አለችኝ። ማሟሟያ አላችሁ ወይ አልኳት። ምን እንደሆነ አላወቀችም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ነው እጄ መንቀጥቀጡን ያየሁት። ልወጋ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። የቆዳ ሐኪም ወይም የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ የማንኛውንም ሐኪም ፈቃድ በክፍለ ግዛቱ የሕክምና ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በስም ማየት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የባለሙያውን የሥራ ፈቃድና የክሊኒኩን ደረጃ ጠይቁ። የመድኃኒቱ ጉዳይ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነውና የተመዘገበ መሆኑንም ጠይቁ። ዱባይ ካላችሁ የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ግድ ነው።

ከዚያ እነዚህን ጥያቄዎች ሳታፍሩ አንሱ። ማሟሟያው እዚህ ክፍል ውስጥ አለ? ስንት ብልቃጥ? የደም ሥር ቢዘጋ ምን ታደርጋላችሁ? ማታ ብደውል ማን ያነሳል? የእኔን መሰል ቆዳ ያላቸው ሰዎች ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶ ማየት እችላለሁ? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። የኔዋ እንዲያውም መሳቢያ ከፍታ ብልቃጦቹን አሳየችኝ።

ቤት ለቤት እየዞረ የሚወጋ ሰው ጋ አትሂዱ። በሻንጣ የመጣ ዕቃም አይሁን። እነዚህ ጄሎች ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዲቀመጡ አይፈቀድም። በሻንጣ ውስጥ በበረሃ ሙቀት አልፎ የመጣው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንድ ስሪንጅ ለሁለት ጓደኛሞች ተካፍሎ መወጋት የሚባለውንም ሰምቻለሁ። መርፌውን ቢቀይሩት እንኳ ደም ወደ ስሪንጁ ይመለሳል። እባካችሁ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ።

ዋጋ፦ አሜሪካ ውስጥ አንድ ስሪንጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 1000 ዶላር ነው። ለውበት ከሆነ ኢንሹራንስ አይከፍልም። በጣም የረከሰ ካያችሁ ለምን ረከሰ በሉ።

አምስተኛ፦ የምክር ቀጠሮው

የምክሩንና የመወጊያውን ቀን ለዩ። በአንድ ቀን ይሁን የሚል ቦታ ካለ እናንተ እምቢ በሉ።

ሐኪሟ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችኝ። ተኝቶ መታየት አይሆንም፣ ስንተኛ ጉንጫችን ወደ ጆሮ ይንሸራተታል። ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ ፎቶ አነሳችኝ። እኔም ከአሥር ዓመት በፊት የነበረኝን የእህቴ ሠርግ ፎቶ ይዤ ሄጄ ነበር። ይህን በጣም እመክራለሁ። የተዋናይት ፎቶ አትውሰዱ። የራሳችሁን ውሰዱ። ሐኪሟ ፎቶውን ፊቴ አጠገብ ይዛ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። ከዚያ «ጎድጓዳውን አልሞላም፣ ከላይ አጥንቱ ላይ ትንሽ አስቀምጬ የወረደውን እደግፋለሁ» አለች። መጠኑንም ነገረችኝ፦ አንድ ስሪንጅ፣ ለሁለቱም ጉንጭ። ማለት ለአንድ ጉንጭ ግማሽ ሚሊ ሊትር። አንድ ሚሊ የሻይ ማንኪያ አምስተኛ እጅ ናት። ያቺን ያህል ፊት ትለውጣለች ብዬ አላመንኩም ነበር።

በትንሽ ጀምሩ። መጨመር ሁልጊዜ ይቻላል። ከመጠን በላይ የተሞላ ጉንጭ ስንስቅ ዐይናችንን ይውጠዋል፣ ሰው ሁሉ ይለየዋል።

ሐኪሙ «መርፌ አይጠቅምሽም» ሊልም ይችላል። ቆዳው በጣም ከወረደ ፊለር አያነሳውም፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ ይሆናል። ከራስ ሰውነት ስብ ወስዶ መሙላትም አለ። እንዲህ ብሎ በእውነት የሚመልሳችሁን ሐኪም አመስግኑት።

ስድስተኛ፦ ቀን መቁረጥና መዘጋጀት

ሠርግ ወይም ክርስትና ካለባችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ጨርሱ። በሕማማት ሳምንት አትወጉ። በስግደት ቀን ፊት ደም እየሞላ ጎንበስ ቀና ማለት ለአዲስ መርፌ አይስማማም። ጾመኛ ከሆናችሁ ደግሞ ሆዳችሁ ባዶ ሆኖ መርፌ ፊት አትቀመጡ። መርፌ አይቶ የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ ቁርስ ያልበላ ነው። የረመዳን ጾም ላይ ያላችሁም ከበዓሉ በኋላ አድርጉት።

ከቀኑ አንድ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪማችሁን እየጠየቃችሁ ደም የሚያቀጥኑ ነገሮችን አቁሙ፦ አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ኢ፣ በኪኒን መልክ የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ወጥ ውስጥ ያለው አያስጨንቃችሁ። ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን ግን ያዘዘው ሐኪም ሳይፈቅድ አንድ ቀን እንኳ አታቋርጡ። የጥርስ ሕክምና ከመርፌው ሁለት ሳምንት በፊትና ሁለት ሳምንት በኋላ አይኑር፣ ከአፍ የሚነሳ ባክቴሪያ በደም ወደ ጄሉ ሊሄድ ይችላል። አልኮል ከዋዜማው ጀምሮ ይቅር።

ሰባተኛ፦ የመርፌው ቀን

ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ያለ ሜካፕ ሂዱ። መጀመሪያ የስምምነት ወረቀት ያስፈርሟችኋል። አንብቡት። ያልገባችሁን አስተርጉሙ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ፊቴ ላይ የማደንዘዣ ቅባት ተቀባሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ጄሉ ውስጥም ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ አለ። ከዚያ በፀረ ተህዋስ ጠረገችኝ፣ በነጭ እርሳስ ምልክት አደረገች። ጥቁር እርሳስ በእኛ ቆዳ ላይ አይታይም። የጄሉን ካርቶን እኔ እያየሁ እንድትከፍት ጠየቅኋት። እናንተም ጠይቁ። እሽጉ ያልተነካ መሆኑን፣ የሚያበቃበትን ቀንና የምርት ቁጥሩን እዩ።

የወጋችኝ በካኑላ ነው። ካኑላ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ የሚተጣጠፍ ቀጭን ቱቦ ነው። በሹል መርፌ አንድ ቀዳዳ ይበጃል፣ በዚያ ይገባል። የደም ሥር የመብሳት ዕድሉ ከሹል መርፌ ያነሰ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። አንዳንድ ቦታ ላይ ሹሉ የሚመረጥበት ምክንያትም አለ። ሕመሙ ከጠበቅኩት ያነሰ ነበር። ያስገረመኝ ድምፁ ነው። ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ እንደሚሰማው ያለ ኮሽታ ከቆዳዬ ሥር ይሰማኛል። ማንም አልነገረኝም ነበርና ደነገጥኩ። ጤናማ ነው፣ ቱቦው በሥጋው ውስጥ ሲያልፍ ነው።

ቀስ እያለች ነበር የምትገፋው። ግራውን ጨርሳ ቀኙን ሳትጀምር መስታወት ሰጠችኝ። ግራ ጉንጬ የሠርጉ ፎቶ ላይ ያለው ነበር። ቀኙ የዛሬው። አለቀስኩ ብላችሁ አታምኑኝም ይሆናል፣ ግን አልቅሻለሁ። ሐኪሟ ሶፍት ሰጥታ «በዝግታ ጥረጊው፣ አትሺው» አለችኝ።

እየተወጋችሁ ስለታም ሕመም ከተሰማችሁ፣ ዐይናችሁ አንድ ነገር ከሆነ፣ ወዲያው ተናገሩ። «ታገሠች» ለመባል ዝም አትበሉ።

ስምንተኛ፦ የአደጋ ምልክቶች

ይህን ክፍል ከሌላው ሁሉ በላይ አንብቡልኝ።

ጄሉ ደም ወሳጅ ሥር ውስጥ ከገባ ወይም ከውጭ ከተጫነው ያ ሥር የሚመግበው ቆዳ ደም ያጣል። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ግን ሰዓታት ይቆጠራሉ። ምልክቱ ከተለመደው የማይመጣጠን ሕመም ነው፣ አንዳንዴም ማደንዘዣው እስኪለቅ አይታወቅም። ቀጥሎ ቆዳው ይገረጣል። መጻሕፍቱ «ነጭ ይሆናል» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ነጭ አይሆንም። አመድ የነፋበት ይመስላል፣ ግራጫማ። ከዚያ እንደ መረብ የተዥጎረጎረ ነገር ይታያል። ከቀናት በኋላ ትንንሽ ብጉር መሳይ ነገር ከወጣ ዘግይቷል።

በእኛ ቆዳ ላይ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በጣታችሁ ተጫኑና ልቀቁ። በሌላው ጉንጭም እንዲሁ አድርጉና አነጻጽሩ። በአንዱ በኩል ቀለሙ ለመመለስ ከዘገየ ችግር አለ። የከንፈራችሁንም የውስጥ ክፍል እዩ፣ እዚያ ቀለሙ በግልጽ ይታያል።

የቅርብ ጓደኛዬ ደርሶባታል። ሌላ ከተማ ነው የተወጋችው። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ጉንጯ ከአፍንጫዋ አጠገብ እያቃጠላት፣ ቆዳው «አመድ መስሏል» አለችኝ። የወጓት ሰዎች «በረዶ አድርገሽ ነገ ነይ» ብለዋታል። እኔ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ «ፊለር ተወግቻለሁ፣ የደም ሥር ተዘግቶ ይሆናል» ብለሽ ንገሪ፣ ሃያሉሮኒዴዝ የሚለውን ቃል ጻፊው አልኳት። ማሟሟያው ተወጋላት። ዛሬ ከአፍንጫዋ ክንፍ አጠገብ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች። ሌሊቱን ሳትታከም ብታድር ኖሮ ሊሆን የነበረውን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

እንዲህ ዓይነት ምልክት ላይ በረዶ አይያዝ፣ የደም ሥርን ያጠባል። ለወጋችሁ ሐኪም ደውሉ፣ ካላነሳ ሆስፒታል ሂዱ።

የዐይን እይታ ድንገት ከጠፋ፣ ከደበዘዘ፣ ሁለት ሁለት ከታየ፣ የዐይን ቆብ ከወደቀ ወይም ዐይን ላይ ከባድ ሕመም ከመጣ ደቂቃ አታባክኑ። አሜሪካ ከሆናችሁ 911። የፊት ደም ሥሮች ከዐይን ደም ሥር ጋር ይገናኛሉ፣ ዓይነ ስውርነት ያጋጠማቸው ሰዎች አሉ። ከሁሉ አደገኛው ቦታ በቅንድቦች መካከልና አፍንጫ ነው። ለጉንጭ ሄዳችሁ «አፍንጫሽንም ቀና እናድርገው» ካሏችሁ ይቅርብኝ በሉ።

ዘጠነኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ታብጣላችሁ። ፊቴ ተበላሸ ብላችሁ አታልቅሱ፣ ፎቶ እያነሳችሁም ራሳችሁን አታስጨንቁ። ብልዙ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ምልክቱ የአደጋ ካልሆነ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አሥር ደቂቃ እየያዙ ማንሳት ይቻላል። ሁለት ትራስ ደርባችሁ በጀርባችሁ ተኙ።

ለሁለት ቀን ያህል ስፖርት፣ ሳውናና እንፋሎት ይቅር። ወይባ ጢስ የምትሞቁም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተዉት። ድስት ላይ ተጎንብሶ ሽንኩርት ማቁላላትም ለዚያን ቀን ለሌላ ሰው ይሰጥ። ሜካፕ እስከ ማግስቱ አትቀቡ። ከዚያ በኋላም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፣ ብልዙ ጥቁር ነጥብ ትቶ እንዳይሄድ።

ሰላምታውስ? ይህን ምንም የሐኪም ወረቀት አይጽፈውም። እኛ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ አራቴ ነው የምንሳሳመው፣ ያውም አጥብቀን። እኔ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሥራ ቦታ ያገኘችኝን ዘመዴን «ጥርሴን ነክቶኛል» ብዬ በትከሻ ሰላም አልኳት። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ጉንጫችሁን ጠብቁ። ራሳችሁም አትጫኑት፣ አትሹት። ስከልፕትራ ለተወጋችሁ ግን ተቃራኒው ነው፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ለአምስት ቀን፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ እሹት ይላሉ።

በሁለት ሳምንት ተመልሳችሁ ታዩ። እብጠቱ ሳይወርድ ይጨመርልኝ አትበሉ። እኔ ሁለተኛውን ስሪንጅ የተወጋሁት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እሱም ከግማሽ በላዩ አልገባም። የተረፈውን ሐኪሟ እኔ እያየሁ ጣለችው። ለሌላ ቀን የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

በኋላ

ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጉንጫችሁ ድንገት ቢቀላ፣ ቢሞቅ፣ ቢጓጉል አትፍረጡት፣ አትጭመቁት፣ ወደ ሐኪሙ ሂዱ። ከጉንፋን፣ ከጥርስ ኢንፌክሽን ወይም ከክትባት በኋላ ለጥቂት ቀን የሚያብጥም ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ራሱ ይወርዳል፣ ግን ይታይ። ለጥርስ ሐኪማችሁ ፊለር እንዳላችሁ ንገሩ። የፊት ምርመራ ምስል ስትነሱም ንገሩ፣ ጄሉ ምስሉ ላይ ሊታይና ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል።

ካርቶኑ ውስጥ የምርት ቁጥሩ ያለበት ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት አለ። አንዱ በክሊኒኩ ፋይል ላይ ይለጠፋል። አንዱን ለእናንተ ጠይቁ። ቀኑን፣ የሐኪሙን ስም፣ ስንት ሚሊ በየትኛው በኩል እንደገባ አብራችሁ ጻፉ። የእኔ የስኳር መለኪያ ደብተሬ የኋላ ሽፋን ላይ ነው የተለጠፈው።